ከዘጠነኛው ድንጋይ ሥር ያለው ሣር

ነፋስ ከባሕሩ፣ ጭጋግ ከተራራ፣
ጀልባው ተመለሰ፣ ቀዛፊው ሳይጣራ…

ከዚህ በኋላ ያለውን ሙርዲና አታውቀውም። ሦስተኛው ስንኝ ጋ ስትደርስ አፏ ይዘጋል፤ ዜማው ግን አይቆምም። «ህም ህም» እያለች ትሻገረውና እንደገና ከነፋሱ ትጀምራለች። ዘፈኑ የእናቷ ነው። እናቷ ከሰባት ሴቶች ጋር ረጅም ሳንቃ ከብበው፣ እርጥቡን የሱፍ ጨርቅ እየደበደቡ ሲያጠብቁት ይዘፍኑት ነበር። ሦስተኛውን ስንኝ የምትቀበለው ሁልጊዜ ከፊት ለፊት የምትቀመጠው ሴት ስለነበረች እናቷ አትለውም። ያቺ ሴት ሞተች። ስምንቱም ሞቱ። ጨርቁን ዛሬ ፋብሪካ ያጠብቀዋል።

በዚያ ሰኔ መግቢያ ሙርዲና ይህንኑ ጎደሎ ዘፈን እያንጎራጎረች ከሌርሻደር መንደር በላይ ባለው ጉብታ ላይ ሣር ትልጥ ነበር። ዕድሜዋ ስልሳ ስምንት ነው። አላገባችም። ከቤቷ ጎን ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ የሽመና መሣሪያ አላት፤ ሜዳ ላይ አሥራ አንድ በጎች፣ ደጃፏ ላይ አምስት ዶሮዎች። እግሯ ላይ የላስቲክ ቦት፣ ትከሻዋ ላይ የሟች አባቷ ኮት፣ እጇ ላይ የአባቷ መቁረጫ ብረት።

ለሥራው ማንም አልጠራትም። ከኤደንብራ የመጣችው የጥንት ቅርስ ተመራማሪ ዶክተር ጂሊያን ስድስት ተማሪዎቿን ይዛ ከጥንት በቆሙት ድንጋዮች ክበብ መሐል ቁፋሮ የጀመረች ዕለት ሙርዲና ከደጃፏ ቆማ ታያቸው ነበር። ተማሪዎቹ ሣሩን በአካፋ እየቦጫጨቁ ይወረውሩታል። እስከ እኩለ ቀን ታገሠች። ከዚያ ዳገቱን ወጥታ ከአንዱ እጅ አካፋውን ወሰደችው።

«ምን በደለህ?» አለችው።

«ማን?»

«ሣሩ ነዋ። ላጠው እንጂ እንደ ውሻ አትቦጭቀው።»

አራት ቀጥ ያሉ ቁርጦች ቆረጠች፤ ብረቱን ከሥር አጋድማ አስገባች፤ የሣሩን ልጣጭ ከነአፈሩ እንደ ትራስ አንሥታ አረንጓዴውን ወደ ላይ አድርጋ ጎን ላይ አኖረችው። ጂሊያን አይታ በማግስቱም ትመጣላቸው እንደሆነ ጠየቀቻት። ሙርዲና መጣች።

በእኛ ደሴት ዛፍ የለም። ማገዶ የሚወጣው ከመሬት ነው። ረግረጉ ያከማቸውን ጥቁር አፈር በግንቦት ቆርጠን፣ በነፋስ አድርቀን፣ ክረምቱን ሙሉ እናነደዋለን። አፈሩ ከመቆረጡ በፊት ላዩ ላይ ያለው ሣር ይላጣል፤ የተላጠው ደግሞ አይጣልም። በተቆረጠው ጉድጓድ ወለል ላይ አረንጓዴው ወደ ላይ ሆኖ፣ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥሞ ይነጠፋል። መሬቱ ቆዳው ይመለስለታል፤ በሁለተኛው ዓመት በግ ይግጥበታል። ሣር ገልብጦ ለሚጥል ሰው ሴት ልጅ አይሰጥም። ይህን ማንም ለማንም አያስተምርም፤ እጅ ራሱ ያውቀዋል።

ጋሪ የሚገፋው ቶርከል ነው፤ የሙርዲና ጎረቤት፣ ሰባ ዓመት የሞላው ወንደላጤ። በወጣትነቱ በደቡብ ባሕር ዓሣ ነባሪ በሚያድን መርከብ ላይ ወጥ ቤት ነበር፤ ስለዚህ አገሩ በሙሉ «አድሚራል» ይለዋል።

«የሩሪ ልጅ፣ ይህ ዘፈን መቼ ነው የሚያልቀው?» ይላታል ጋሪውን እያቆመ።

«ጋሪህ ሲሞላ።»

«እንግዲያው ቶሎ ሙይልኝ፤ ጆሮዬ ደከመ።»

ድንጋዮቹ ዘጠኝ ናቸው። ከሰው ቁመት እጥፍ የሚበልጡ፣ ግራጫ፣ ቀጫጭን፣ ባሕር ዳር ቆመው ጀልባ የሚጠብቁ መበለቶች የሚመስሉ። ጂሊያን እንደምትለው የቆሙት ከአራት ሺህ ዓመት በፊት ነው። ከዚያ በኋላ አየሩ ቀዘቀዘ፣ ዝናቡ በዛ፣ ረግረጉ ከእግራቸው ሥር በፀጉር ስፋት በፀጉር ስፋት እያደገ እስከ ወገባቸው ዋጣቸው። ባለፈው ክፍለ ዘመን የነበረው ባለርስት ጭሰኞቹን አሰልፎ አፈሩን አስነሣው። አፈሩ ተቀብሮ ያቆየው የታችኛው ክፍል እስከ ዛሬ ነጣ ብሎ ይታያል፤ ከዚያ በላይ ያለው የነፋስና የሽበት ቀለም ነው። በስምንቱ ድንጋዮች ላይ ይህ የቀለም መስመር የሙርዲናን ደረት ይነካል። በዘጠነኛው ላይ ወገቧ ጋ ነው። ጂሊያን በመጀመሪያው ቀን ለክታው «በክብደቱ የሰመጠ» ብላ ጻፈች። ሙርዲና አጠገቧ ነበረች። አላረመቻትም።

ምክንያቱ አባቷ ነው።

ሩሪ ከሞተ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ በሌርሻደር ግን ገና ሙሉ በሙሉ አልሞተም። በቤተ ክርስቲያን መዝሙረ ዳዊት የሚመራው እሱ ነበር። ያለ መሣሪያ፣ አንዱን ስንኝ ብቻውን ያወጣዋል፤ ሕዝቡ ተቀብሎ እንደ ማዕበል ያነሣዋል፣ ይሰብረዋል፣ ይመልሰዋል። ድምፁን የሰማ ሰው ዛሬም ሲያወራ ዓይኑን ይጨፍናል። ግን ይህ ሰው በሕይወቱ አንድ ቀን ወደ ጌታ ማዕድ አልቀረበም። በእኛ ዘንድ ወደ ማዕዱ መቅረብ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከሁለት መቶ ሰው ሃያው ቢቀርብ ነው። የሩሪ ግን የተለየ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ ቤቱ ድረስ መጥተው፣ ቅረብና ከእኛ ጋር ሽማግሌ ሁን ብለው ለመኑት። ሦስት ጊዜ «አይገባኝም» አላቸው። ነጩ የማዕድ ጨርቅ በተዘረጋ ቁጥር ከፊት ወንበሩ ተነሥቶ ወደ ኋላ ወንበር ይሄዳል። ሰው ይህን አይቶ አለቀሰ። ዛሬ እንኳ በአገራችን ራሱን ዝቅ ያደረገ ሰው ሲያዩ «እንደ ሩሪ ነው» ይላሉ።

ረቡዕ ከሰዓት ጂሊያን ዘጠነኛው ድንጋይ ሥር ካለው ጉድጓድ ውስጥ ሆና ጠራቻት።

«ወይዘሪት ሙርዲና፣ እባክዎ ይህን ይዩልኝ።»

ሙርዲና መቁረጫውን አስደግፋ መጣች። ቶርከልም ጋሪውን ትቶ ተከተላት። ድንጋዩን የሚያስደግፉት ትንንሽ ድንጋዮች በአንድ በኩል ተነሥተዋል። ከእነሱ ሥር ስድስት የሣር ልጣጮች ነበሩ። ሣሩ ቡና ዓይነት መልክ ይዟል፤ ግን እያንዳንዱ ቅጠል ይቆጠራል። ሁሉም ወደ ላይ ናቸው። ጠርዝ ከጠርዝ ገጥሟል። ማዕዘን ላይ ያለው ስድስተኛው ቦታው ስለጠበበው በሰያፍ ተቆርጦ ገብቷል።

«አዩት?»

«አየሁት።»

«በአጋጣሚ አይሆንም። ድንጋዩን ከማስደገፋቸው በፊት ጉድጓዱን ሣር አለበሱት። ያውም ከነሕይወቱ።» ጂሊያን አሥራ አምስት ዓመት ሌሎች ሰዎች ባገኟቸው ነገሮች ላይ ስትጽፍ የኖረች ሴት ናት፤ ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር። «መሬቱን ይቅርታ የጠየቁት ይመስለኛል።»

ቶርከል ጎንበስ ብሎ አየ። «ሣር አራት ሺህ ዓመት ሣር ሆኖ ይቆያል እንዴ፣ ዶክተር?»

«ይህ አፈር ምን የማያቆየው አለ? እርስዎ ራስዎ ነግረውኝ የለ፣ አያትዎ ከረግረጉ ስላወጡት ቅቤ?»

«እሱስ እውነት ነው። የየትኛው ዘመን ቅቤ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። አያቴ የጋሪ ጎማ ቀባችበት። ጎማው እስከ ዛሬ አይጮህም።»

«ደግሞም በ1934 ከመንግሥት የመጣው ተቆጣጣሪ ዘጠኙም ሰው እስከሚያስታውሰው ድረስ ወድቀው እንደማያውቁ ጽፏል። ስለዚህ ማንም አልነካውም።» ጂሊያን እጇን በሱሪዋ ጠረገች። «ስምንት ቀን ነው የቀረን። የመሐሉን ጉድጓድ በላስቲክ እንሸፍነዋለን። ከዓርብ ጀምሮ ሁላችንም ድንጋዮቹ ሥር ነን።»

የመሐሉን ጉድጓድ ሣር የላጠችው ሙርዲና ናት። ትናንት እዚያ ውስጥ ክብ አመድና የተቃጠለ አጥንት ብቅ ብሎ ነበር፤ እንደ ጥፍር የቀጠነ፣ ነጭ። አሁን ላስቲክ ሊለብስ ነው። በመከር ዝናቡ ይገባበታል፤ በሚቀጥለው ዓመት ማን እንደሚመጣ አይታወቅም።

«ደስ አላለዎትም?» አለቻት ጂሊያን።

«ነገ የጾም ቀን ነው» አለች ሙርዲና። «እኛ አንመጣም።»

መቁረጫውን እንኳ ሳትወስድ ወረደች። ማታ ድንች ቀቀለች፤ አልበላችም። ቅርፊቱን ሳትልጥ ለዶሮዎቹ ደፋችላቸው።

ስድስቱን ልጣጮች ያነጠፈቻቸው እሷ ናት።

ያን ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። የአባቷ ማገዶ ቦታ ከድንጋዮቹ አጠገብ ነው፤ ጥሩው፣ ጥቁሩ፣ እንደ ከሰል የሚነደው አፈር ደግሞ ወደ ድንጋዮቹ እየተጠጋ ይሄዳል። ሩሪ በየዓመቱ አንድ ክንድ፣ አንድ ክንድ ተጠጋ። በዚያ ግንቦት የዘጠነኛው ድንጋይ እግር ተቦረቦረና ድንጋዩ ወደቀ። ድምፅ አልነበረውም። ላም እንደምትተኛ ቀስ ብሎ በጎኑ ተጋደመ። አባትና ልጅ ቆመው አዩት። ከአሥር እርምጃ ራቅ ብሎ መንግሥት በዚያው ዓመት ያስተከለው የብረት ጽሑፍ ነበር፤ ጥንታዊውን ድንጋይ የሚነካ ሰው እንደሚቀጣ የሚናገር። ተቆጣጣሪው በወሩ መጨረሻ እንደሚመጣም ተነግሯል።

መንደር ሙሉ ዓይን ባለበት አገር ድንጋይ ደብቆ ማቆም አይቻልም፤ አንድ ቀን ካልሆነ በስተቀር። የጌታ እራት በሚደረግበት ሳምንት ሐሙስ የጾም ቀን ነው። ሥራ የለም፣ ምግብ የለም፣ መንደሩ በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሩሪ ፈረሱ ታሟል አለና ቀረ። ልጅቷ ፈረሱን ያዘች፤ አባቷ ገመዱን፣ አጣናውን፣ ጉድጓዱን። ዳግመኛ እንዳይወድቅ ብሎ ከቀድሞው ጠለቅ አድርጎ ቆፈረው። ድንጋዩ ቀስ እያለ ሲነሣ ከታች ከቤተ ክርስቲያን መዝሙሩ ይሰማ ነበር፤ የሚመራው ሌላ ሰው ነው፣ ሁለት ጊዜ ዜማው ጠፍቶበታል። ሩሪ ገመዱን እየጎተተ ከንፈሩ ሳያውቀው ሲያቃናለት አየችው።

ድንጋዩ ቆመ። እግሩ ዙሪያ ባዶ ጭቃ ቀረ። ሙርዲና የተላጠውን ሣር አንሥታ ማንጠፍ ጀመረች፤ አረንጓዴውን ወደ ላይ።

«ድንጋይ ሊጫንበት ምን ያደርጋል?» አላት አባቷ።

«እና ጭቃውን እንዲሁ ልተወው?»

ሩሪ ጊዜ አልነበረውም፤ ተዋት። ስድስተኛው አልገባም ሲላት በብረቱ ሰያፍ ቆረጠችው።

ተቆጣጣሪው በአሥረኛው ቀን መጣ። ደብተሩን ገልጦ፣ መንደሩ እስከሚያስታውሰው ድረስ የወደቀ ድንጋይ እንዳለ ጠየቀ። ሩሪ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ «አንድም አልወደቀም» አለ። በገዛ ቋንቋው ሳይሆን በእንግሊዝኛ ነው ያለው። ያ ሰው ጻፈ፤ የጻፈው ታተመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቷ ወደ ማዕዱ የሚሄደውን መንገድ ለራሱ ዘጋ፤ ሰውም ዓይኑ እያየ ትሕትና ብሎ ሰየመው። ባሕርዩ ነው ብሎ ያመነ መንደር ሲያመሰግነው፣ ምስጋናውን መመለሻ ቃል አጣ። እሷም ዝምታውን ከእሱ ወረሰችው። ሃምሳ ዓመት።

ሐሙስ ጠዋት ሙርዲና ጥቁር ኮቷን ለብሳ፣ ጥቁር ባርኔጣዋን ደፍታ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ቶርከል እንደ ወትሮው ከኋላ ወንበር ከጎኗ ተቀመጠ። ናፍታሊን ናፍታሊን ይሸታል።

«ፊትሽ ምን ሆኗል?» አላት በሹክሹክታ።

«ጾም ነው።»

«እኔም ጾም ላይ ነኝ፤ ፊቴ ግን ያው ነው።»

«የአንተ ከመጀመሪያውም የተጾመ ነው።»

ቄሱ ስለ ትሕትና ሰበከ። በየዓመቱ በዚህ ሐሙስ የሚለውን ዘንድሮም አለ። በዚህ ደብር ውስጥ አንድ ሰው ነበር፤ ድምፁ እንደ መላእክት፣ እጁ ንጹሕ፣ ነገር ግን ከማዕዱ ራሱን ያራቀ፤ እኛ የምንቀርብ ሰዎች እሱን አስበን እንንቀጥቀጥ። ስም አልጠራም። ራሶች ሁሉ ወደ ሙርዲና ዞሩ። በየዓመቱ ይዞራሉ፤ በየዓመቱ አንገቷን ትደፋለች፤ እሱንም ትሕትና ይሉታል። ዘንድሮ አልደፋችም። የቄሱን ፊት ቀጥ ብላ አየችው፤ ቄሱ አንድ ቃል ተዛነፈበት።

ስትወጣ ወደ ቤቷ አልታጠፈችም።

«ወዴት ነው፣ በዚህ ባርኔጣ?» አለ ቶርከል ከኋላዋ። «የሩሪ ልጅ፣ ነፋሱ ይወስደዋል ነው የምልሽ።»

«ይውሰደው።»

ተከተላት። ዛሬ ሥራ እንደማትነካ ያውቃል፤ ስለዚህ ምን ልታደርግ እንደምትወጣ ለማየት ካልተከተለ አያድርም።

ጂሊያን ከተማሪዎቿ ጋር የመሐሉን ጉድጓድ ላስቲክ ታለብስ ነበር። ሁለቱን በጥቁር ልብስ ሲመጡ ስታያቸው ሰው የሞተ መሰላት።

«ላስቲኩን አንሺው» አለች ሙርዲና።

«ምን ሆኑ?»

«ሣሩን ያነጠፍኩት እኔ ነኝ።»

ጂሊያን ፈገግ አለች። «የትኛውን?»

«ስድስቱን። ማዕዘን ላይ ያለው ሰያፍ ነው፤ አልገባም ብሎኝ ነው። ከሥሩ አንድ ጠጠር ተቀምጧል፣ እንዳይወዛወዝ። አላነሣሽውም ገና። አንሺና እይው።»

ጂሊያን ወደ ዘጠነኛው ሄደች። ተንበረከከች፤ ልጣጩን በቢላዋዋ ቀስ አድርጋ አነሣችው። ጠጠሩ ነበር።  ሙርዲና ቆማ የቀረውን ነገረቻት፤ የወደቀበትን ወር፣ ፈረሱን፣ ሐሙሱን፣ ተቆጣጣሪውን። አንዱንም አላስጌጠችም፣ አንዱንም አላለሰለሰችም። መጨረሻ ላይ ጓንት ያጠለቀ እጇን ከደረቷ ወደ ወገቧ አወረደች።

«መስመሩ እዚህ የሆነው ስለሰመጠ አይደለም። አባቴ ስላጠለቀው ነው።»

ጂሊያን ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችበት። ስድስቱ ተማሪዎች ራቅ ብለው አንዱን ላስቲክ ስድስት ሆነው ይዘዋል።

«ትናንት ማታ ለፕሮፌሰሬ ስልክ ደወልኩ» አለች። «ከመንደሩ ስልክ ቤት። አንድ ሰዓት አወራሁት።»

«ዛሬም ደውዪለት።»

«ትናንት ለምን አልነገሩኝም?»

«ትናንት አባቴ ትሑት ነበር።»

ጂሊያን ይህን አልተረዳችም። ቶርከል ግን ተረዳ፤ ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ ደፋው።

ጂሊያን ደብተሯን አወጣች። ትናንት የሣለችው ሥዕል ያለበትን ገጽ ልትገነጥል ይዛው ቆየችና ተወችው። ከሥሩ መጻፍ ጀመረች። ቀኑን ጠየቀች። የአባትየውን ሙሉ ስም ጠየቀች። አጣናው ምን ያህል ይረዝም ነበር? ገመዱ ከየት ነበር? ሁለት ሰውና አንድ ፈረስ እንዲህ ያለ ድንጋይ በስንት ሰዓት ያነሣሉ?

«ጸሎቱ ተጀምሮ እስኪያልቅ» አለች ሙርዲና። «አራት ሰዓት ግድም። ያኔ ስብከት ረጅም ነበር።»

«ፈረሱ ስም ነበረው?»

«ዴዚ።»

ጂሊያን ጻፈችው። «ስማቸው መጽሐፉ ውስጥ ይገባል፣ ወይዘሪት ሙርዲና። የእርስዎም። ቢከፋዎት እንኳ ልተወው አልችልም።»

«ጻፊው። ለዚያ ነው የመጣሁት።»

ጂሊያን ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈች። ለተማሪዎቹ በእጇ ምልክት ሰጠች፤ ላስቲኩ ከአመዱ ላይ ተገፈፈ። ሙርዲና ሲገፈፍ አየች፤ ከዚያ ወረደች።

ቶርከል ተከትሏት ወረደ።  ከበጎቹ መሻገሪያ አጠገብ ሲደርሱ ቆመ።

«እኔ ያን ሐሙስ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ» አለ። «እናቴ፣ ሩሪ የት አለ? አለች። ፈረሱ ታመመ አሏት። ለፈረሱ ጸለየች። አንቺ ሴትዮ፣ እናቴ ለዴዚ ጸልያለች።»

«ዴዚ ከዚያ ወዲያ አሥራ አራት ዓመት ኖሯል።»

«አታሹፊብኝ።» ፊቱ ቀልቶ ነበር። «ሃምሳ ዓመት የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በየዓመቱ፣ ዘንድሮ ልቅረብ እላለሁ። ከዚያ አባትሽ ተነሥቶ ወደ ኋላ ሲመጣ አየዋለሁ። ሩሪ ያልተገባው ማዕድ ለኔ፣ ለመርከብ ወጥ ቤት፣ ሊገባኝ ነው? እላለሁ። እሱ ከሞተ በኋላም እንደዚሁ። እኔ ብቻ መሰልኩሽ? ያ ወንበር ሙሉውን የአባትሽ ሥራ ነው።»

«ማንም አትቅረብ አላለህም።»

«አላለኝም። ዝም አለ እንጂ። የሱ ዝምታ ከሌላው ሰው ስብከት ይልቅ ይሰማ ነበር።»

 ሙርዲና አባቷ ከአንድ ድንጋይ በላይ መጣሉን እስከዚያች ሰዓት አላሰበችም። ነፋሱ ባርኔጣዋን ወደ አንድ ጎን ገፋው፤ በእጇ ያዘችው።

«ደቡብ ባሕር ላይ ያደረግከውስ?» አለችው። «እሱን ምክንያት አታደርገውም?»

«እሱማ ሌላ ጉዳይ ነው» አለ ቶርከል። «ለእሱ ንስሓ ገብቼበታለሁ።» ጥቂት ሄደ፤ ዞር አለ። «ለመንደሩ እኔ አልናገርም።»

«ብትናገር ደስ ይለኛል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልቅልኝ ነበር።»

«አልናገርም አልኩ። አፌ ጾም ላይ ነው።»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት እኔ ለቄሱ እነግረዋለሁ። ስብከቱን ይቀይር።»

ቶርከል ይህን አሰበው። «ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ አዲስ የሚቀርብ ሰው ካለ ይቀበላሉ» አለ፤ ለእሷ ይሁን ለበጎቹ አልለየም። ከዚያ የራሱን ቤት መንገድ ያዘ። ሲሄድ ከኋላው ኮቱ ነፋስ እየገባበት ይነፋል፣ ይሟሽሻል።

ሙርዲና ቤቷ ስትገባ ሰዓቱ ከአሥር አልፎ ነበር። ጾሙ የሚያበቃው በዚያው ግድም ነው። ባርኔጣዋን ሚስማሩ ላይ ሰቀለች። የምድጃውን አመድ ገፍታ ሦስት የደረቀ አፈር ጨመረች፤ ተያያዘ። ድንቹን ከነቅርፊቱ ቀቀለች። ከበርሜሉ ሁለት የጨው ዓሣ አወጣች፣ አጠበች፣ ድንቹ ሊበስል ሲል ላዩ ላይ አጋደመቻቸው። ውሃውን ደጅ ደፋች። እንፋሎቱ መስኮቱን አለበሰው፤ ጉብታው አልታይ አለ።

ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አደረገች፤ ወተት በኩባያ ቀዳች። ከረቡዕ ጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም ነበር። አባቷ ይቀመጥበት የነበረውን ወንበር ሳበች፤ ለእሷ ከፍ ይልባታል፣ ግን የሌላው ወንበር እግር ተሰብሯል። ተቀመጠች። ዓይኗን ጨፍና አጭር ጸሎት አደረገች። ከዚያ ትልቁን ድንች አንሥታ ለሁለት ከፈለችው፤ ጣቷን አቃጠላት፤ ከዓሣው ቆርሳ ከድንቹ ጋር ወደ አፏ ከተተች፤ ማኘክ ጀመረች።